ምናባዊው ኦርጋን እንዲተነፍስ፦ አየሩን የሚያዋዥቀው የምትጫወቱት ሙዚቃ ነው

የጠያቂያችን ጥያቄ ባጭሩ፦ «በሰሜን ጀርመን የምኖር የኦርጋን ተማሪ ነኝ። ቤት ውስጥ በሁለት የሚዲ ኪቦርድና በፔዳል (በእግር በሚጫወቱት ኪቦርድ)፣ በሃውፕትቨርክ የኮምፒውተር ኦርጋን ፕሮግራም የባሮክ ኦርጋን ሳምፕል (ቧንቧ በቧንቧ የተቀዳ ድምፅ) ጭኜ እለማመዳለሁ። ድምፁ ቆንጆ ነው፤ ግን ሕይወት የለውም። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ የድሮ ኦርጋን ስሰማ፣ ፔዳሉ ሲገባ የላይኛው ድምፅ በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ይመለሳል። የእኔው ግን አንዴ ከያዝኩት ድርቅ ብሎ ይቆማል። መጀመሪያ በመቅጃ ሶፍትዌሩ በኩል በጠቅላላው ድምፅ ላይ ፒቹን (የድምፁን ከፍታ) በዘፈቀደ የሚያወዛውዝ ኤልኤፍኦ የተባለ መሣሪያ ጨመርኩ፤ የተበላሸ ካሴት መሰለ። ቀጥዬ የፕሮግራሙን የአየር አቅርቦት ሞዴል ከፈትኩ፤ አንድ ኖታ ይዤ ስሰማው ምንም ለውጥ የለም። ጥልቀቱን ከፍ ሳደርገው ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ አብሮ የሚጣመም ይመስላል። ምን ላድርግ?»

ኤልኤፍኦውን ዛሬውኑ ያጥፉት። ካሴት የመሰለው መጠኑ ስለበዛ ነው ብለው ቀንሰው እንዳይሞክሩ፤ ጥፋቱ ያው ነው፣ ለመስማት ትንሽ ጊዜ መውሰዱ ብቻ ነው። ኤልኤፍኦ እርስዎ ምን እየተጫወቱ እንደሆነ አያውቅም። አንድ የፍሉት ኖታ ይዘው ሲቀመጡ በሚያወዛውዘው ልክ፣ ስቶፖቹን (የቧንቧ ረድፎችን የሚከፍቱትን መሳቢያዎች) ሁሉ ስበው በሁለት እጅና በሁለት እግር ሲጫወቱም ያወዛውዛል። በእውነተኛ ኦርጋን ውስጥ ግፊቱ የሚወርደው ቧንቧዎቹ አየር ስለወሰዱ ነው፤ የሚመለሰውም ወናፉ ስለደረሰላቸው ነው። ጆሮ ደግሞ ውጤቱን ከምክንያቱ ጋር አያይዞ ይሰማል። ፔዳሉ የገባበት ቅጽበትና የላይኛው ድምፅ የወረደበት ቅጽበት ሲገጥሙ ኦርጋኑ ተነፈሰ እንላለን፤ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ማሽኑ ተበላሸ እንላለን።

ከዚህ ቀጥሎ የሚታረም አንድ ሐሳብ አለ። በጥያቄዎ ውስጥ በግልጽ አልጻፉትም፣ ግን ጥልቀቱን እስከ ላይ መግፋትዎ ያሳብቅብዎታል፦ የድሮ ኦርጋን ይዋዥቃል፣ ስለዚህ ይበልጥ ባዋዠቅኩት ቁጥር ይበልጥ የድሮ ይመስላል የሚለው። እ.ኤ.አ. በ1708 የ22 ዓመቱ የሙዚቃ ደራሲ ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ በሙልሃውዘን የቅዱስ ብላስዩስ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን እንዴት ይጠገን የሚለውን ጽፎ ሲያቀርብ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ያነሣው የአየር እጥረቱን ነበር። ሦስት አዳዲስ ጥሩ ወናፎች እንዲጨመሩ፣ አራቱ አሮጌዎችም በበረታ ግፊት ለአዲሱ የ32 ጫማ ስቶፕ (የጫማው ቁጥር ሲበዛ ድምፁ ይወፍራል)ና ለሌሎቹ የባስ ድምፆች እንዲውሉ ጠየቀ። ቀጥሎም ቧንቧዎቹ የሚቆሙባቸው የአየር ሳጥኖች ወጥተው እንዲታደሱና አንድ ስቶፕ ብቻውን ሲከፈትም ሆነ ሁሉም አንድ ላይ ሲከፈቱ አየሩ ሳይለዋወጥ መጫወት እንዲቻል አሳሰበ። ልጁ ካርል ፊሊፕ ኢማኑኤልም አባቱ አንድን ኦርጋን ሲመረምር በመጀመሪያ ድምፅ የሚሰጡትን ስቶፖች ሁሉ ስቦ፣ የቻለውን ያህል ድምፅ አደራርቦ እንደሚጫወትና፣ የኦርጋኑ ሳንባ ጥሩ መሆኑን ማወቅ አለብኝ እያለ ይቀልድ እንደነበር ጽፎልናል።

እንግዲህ የዚያ ዘመን ሙያተኛ መዋዠቅን ሲታገለው ነው የኖረው። እርስዎ ማስመሰል ያለብዎት ጥሩ ሠሪ ታግሎት ታግሎት የቀረውን ትርፍራፊ ነው። ይህ ትርፍራፊ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ከሙዚቃው ጋር ይሄዳል፣ ሕይወት የሚሰጠውም እሱ ነው። የሚያጥወለውል መዋዠቅ የሚሰማበት አሮጌ ኦርጋን ካለ አብዛኛውን ጊዜ ቆዳው የተቀደደ፣ የአየር ቦዩ የሚያፈስ፣ ጥገና የሚጠብቅ ኦርጋን ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ኦርጋን ሠሪዎች ግፊትን የሚለኩት በውሃ ነው። በዩ ቅርጽ የታጠፈ ቱቦ ውስጥ ውሃ ይጨምራሉ፣ አንዱን ጫፍ ከአየር ሳጥኑ ጋር ያገናኛሉ፣ በሁለቱ ክንዶች መካከል የሚታየውን የከፍታ ልዩነት በሚሊሜትር ያነባሉ። ለእርስዎ ዓይነት ኦርጋን 75 ሚሊሜትር እንውሰድ፤ 735 ፓስካል ገደማ ማለት ነው። በዚህ ግፊት አየሩ ከቧንቧው ስንጥቅ በሰከንድ 35 ሜትር ያህል ፍጥነት ይወጣል። የ8 ጫማ ፕሪንሲፓል (የኦርጋኑ መሠረታዊ ረድፍ) ዝቅተኛው ሲ (C) ቧንቧ አፉ 12 ሴንቲሜትር ያህል ቢሰፋና ስንጥቁ 1 ሚሊሜትር ቢሆን፣ በሰከንድ 4 ሊትር ገደማ አየር ይጠጣል። በዚያው ረድፍ አራት ኦክታቭ ወደ ላይ ያለው ቧንቧ አፉ አንድ ሴንቲሜትር ተኩል፣ ስንጥቁ ግማሽ ሚሊሜትር ቢሆን ሩብ ሊትር ይበቃዋል። አንድ የባስ ቧንቧ የአሥራ ስድስት ቀጫጭን ቧንቧዎችን ድርሻ ይወስዳል። የታችኛው ቤት ቧንቧ ሲከፈት የላይኛው ፎቅ ውሃ እንደሚቀንሰው፣ ባሱ ሲገባ ላይኞቹ የሚላሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ግን ብዙዎች ይስቱታል። ከወናፉ እስከ ሳጥኑ አየሩ በእንጨት ቦይ ይጓዛል፤ በጉዞው የሚጠፋው ግፊት ከፍሰቱ ካሬ ጋር ያድጋል። ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን ኪሳራው አራት እጥፍ ይሆናል። ለስሌት ያህል፣ ሙሉ ኦርጋን በሰከንድ 200 ሊትር ሲወስድ ሳጥኑ ላይ 6 ሚሊሜትር የሚጎድልበትን ቦይ እናስብ። በጸጥታ መካከል 20 ሊትር የሚወስድ የባስ ድምፅ ብቻውን ቢገባ የሚጎድለው 0.06 ሚሊሜትር ነው፤ ማንም አይሰማውም። ያው ባስ 150 ሊትር እየተወሰደ ባለበት ሰዓት ቢገባስ? ጉድለቱ ከ3.4 ወደ 4.3 ሚሊሜትር ይዘላል። ያው ቁልፍ፣ ያው ቧንቧ፣ ውጤቱ ግን አሥራ ስድስት እጥፍ። «አንድ ኖታ ይዤ ምንም ለውጥ የለም» ያሉት ለዚህ ነው፤ ሞዴሉ በትክክል እየሠራ ሊሆን ይችላል። በአንድ ኖታ የሚወዛወዝ ሞዴል ቢያጋጥምዎ ኖሮ እሱን ነበር መጠራጠር የሚገባዎት።

ጊዜውም አንድ ወጥ አይደለም። ቁልፉ ተጭኖ ቫልቩ ሲከፈት በሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር ቶሎ ወደ ቧንቧዎቹ ይሮጣል፤ በቦዩ ውስጥ ያለው አየር ግን ክብደት ስላለው ለመፍጠን ጊዜ ይፈልጋል። በዚህ መሐል ግፊቱ ለጥቂት አሥር ሚሊሰከንዶች ድንገት ይወርዳል። ከዚያ በላዩ ድንጋይ ወይም ብረት የተጫነበት ወናፍ ይንቀሳቀሳል፤ ክብደቱ ከታች እንደ ስፕሪንግ በሚታመቀው አየር ላይ ስለተቀመጠ አልፎ ይሄድና ይመለሳል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ነቅነቅ ብሎ ይረጋል። ሲረጋ የሚያርፈው ከመጀመሪያው ትንሽ ዝቅ ባለ ቦታ ነው፤ ይህ ቋሚው የቦይ ኪሳራ ነው። በሽብልቅ ወናፍ ላይ ደግሞ ሌላ ዝግ ያለ ለውጥ ይታከላል፤ ሠሪው በስፕሪንግ ወይም በክብደት ካላካካሰው፣ ወናፉ ወደ ታች ሲወርድ የማዕዘኑ መለወጥ ግፊቱን በሰከንዶች ውስጥ ቀስ አድርጎ ይቀይረዋል።

ቁልፉ ሲለቀቅ የሚሆነውን አይርሱ። ቫልቮቹ በድንገት ሲዘጉ በቦዩ ውስጥ ሲሮጥ የነበረው አየር መሄጃ ያጣል፤ ግፊቱ ለአፍታ ከመደበኛው በላይ ይዘላል። በዚያ ሰዓት በሌላኛው እጅዎ የያዙት ኖታ ካለ ቅንጣት ወደ ላይ ይወጣል። ብዙ የቤት ሙከራዎች ይህን ይዘሉታል፤ መውረዱን ያስመስሉና መለቀቁን ይረሳሉ። እኔ አንድን ሞዴል ስመዝን ቀድሜ የማዳምጠው ይህንን ነው። በግራ እጅ ለስለስ ያለ ድምፅ ይዞ በቀኝ እጅ ሙሉ ኮርድ ቆርጦ ማንሣት ነው። ከኮርዱ በኋላ የቀረው ድምፅ ምንም ካላለ ሞዴሉ ግማሽ ነው።

ሌላው የሚዘነጋ ነገር የአየር ሳጥኑ አሠራር ነው። በእርስዎ ኦርጋን ዓይነት ሳጥን ውስጥ እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ጠባብ ክፍል አለው፤ የዚያ ቁልፍ ቧንቧዎች ሁሉ፣ ከ16 ጫማው እስከ ሚክስቸሯ (በአንድ ቁልፍ ብዙ ቀጫጭን ቧንቧዎች የሚያሰማው ስቶፕ) ቅንጣት ቧንቧ ድረስ፣ የሚጠጡት ከዚያች ክፍል ነው። ስለዚህ መቀማማቱ ሁለት ደረጃ አለው። ሳጥኑን የሚያራቁቱት በጠቅላላው የተያዙት ኖታዎች ናቸው። የቁልፉን ክፍል የሚያራቁቱት ግን በዚያ ቁልፍ ላይ የተከፈቱት ስቶፖች ናቸው። በባሱ በኩል 16 ጫማውን ሲስቡ በዚያው ቁልፍ ላይ ያሉት ትንንሾቹ ቧንቧዎች ዝቅ የሚሉት፣ የጎረቤቱ ቁልፍ ግን ደህና የሚሆነው በዚህ ነው። አንዳንድ ሠሪዎች ለባሱ ቁልፎች ሁለት ሁለት ቫልቭ የሚሰጡትም ይህን ለማስታገስ ነው። ኦርጋኑን ሁሉ በአንድ የግፊት ቁጥር የሚመራ ሞዴል ይህን ሊያሳይዎት አይችልም፤ ቢያንስ ለእያንዳንዱ ማንዋል (የእጅ ኪቦርድ)ና ለፔዳሉ የየራሱ ሳጥን ያለው መሆን አለበት።

ግፊት ሲወርድ ድምፁ ላይ የሚደርሰው ሦስት ነገር ነው። ፒቹ በጥቂት ሴንት (የሴሚቶን ወይም የግማሽ ድምፅ መቶኛ) ይወርዳል፤ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የላይኞቹ ሃርሞኒኮች (ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ አብረው የሚሰሙት ቀጫጭን ድምፆች) ቀድመው ይደክማሉ፣ ድምፁ ደብዘዝ ይላል። ፒቹን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ማስመሰያ ሐሰትነቱ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ዝቅ ያለው ድምፅ እንደ ቀድሞው እያበራ ይቀራል። መጠኑን ለመገመት ያህል፣ በ440 ኸርዝ አካባቢ ሁለት ቧንቧዎች በ4 ሴንት ሲለያዩ በሰከንድ አንድ ጊዜ ገደማ ይመታሉ፤ ማለትም ድምፃቸው አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። 4 ሴንት የአንድ ሴሚቶን ሃያ አምስተኛ ነው፤ በወረቀት ላይ ኢምንት፣ በተያዘ ኮርድ ውስጥ ግን ግልጽ ነው። እንደ ትራምፔት ያሉት ምላስ ያላቸው ቧንቧዎች ደግሞ ፒቻቸውን በዋናነት የሚወስነው ምላሱ ስለሆነ፣ ከሌሎቹ ጋር እኩል አይወርዱም። በሁሉም ረድፍ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር የሚሰጥ ሰው ይህን ልዩነት ያጠፋዋል፤ የሙሉ ኦርጋን ሻካራነት አንዱ ምንጭ ግን ይህ ልዩነት ነው።

ወደ ትልቁ ጉዳይ ደረስን። «ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ አብሮ የሚጣመም ይመስላል» ያሉት ከጥያቄዎ ሁሉ በጣም ትክክለኛው አስተውሎት ነው፤ የሚመስል ብቻ ሳይሆን በእርግጥም የሚሆነው ያ ነው። የጫኑት ሳምፕል፣ እንደ ገለጹት ከሆነ፣ ዌት ነው፤ ማለትም ማይክሮፎኑ ራቅ ብሎ የቤተ ክርስቲያኑ ማስተጋባት ከቧንቧው ድምፅ ጋር አንድ ላይ ተቀድቷል። በእውነተኛው ሕንፃ ውስጥ ግፊቱ ሲወርድ የሚለወጠው ከዚያ ቅጽበት ጀምሮ ከቧንቧው የሚወጣው ድምፅ ነው። ከሁለት ሰከንድ በፊት ወጥቶ በጣሪያው ሥር የሚዞረው ድምፅ በቀድሞው ፒች እንዳለ ይቀጥላል። አዲሱ ዝቅ ያለ ድምፅ በአሮጌው ላይ ይደረባል፣ በስሱ ይመታታሉ፣ ጠርዙ ይለሰልሳል። ሕንፃው መዋዠቁን ይሸፍነዋል ማለት ነው። ፕሮግራሙ ግን ፒቹን የሚለውጠው የቅጂውን ፍጥነት በመለወጥ ስለሆነ ቧንቧውንና ማስተጋባቱን አንድ ላይ ይጎትታል፤ ከሁለት ሰከንድ በፊት የወጣው ድምፅ ሳይቀር ወደ ኋላ ተመልሶ ዝቅ ይላል። እንዲህ ያለ ነገር በየትኛውም ሕንፃ ውስጥ ተሰምቶ አይታወቅም፤ ጆሮዎም ወዲያው እምቢ ያለው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ነው፤ መጀመሪያ አየሩ፣ ቀጥሎ ሕንፃው። በቅርብ ማይክሮፎን የተቀዳ ድራይ (ማስተጋባት የሌለው) ሳምፕል ይውሰዱ፣ የአየር ሞዴሉ እሱን ያንቀሳቅሰው፣ ከዚያ በኋላ ኮንቮሉሽን ሪቨርብ (የአንድን ሕንፃ ማስተጋባት በስሌት የሚጨምር መሣሪያ) ይግባበት። ዛሬ ብዙዎቹ የሳምፕል ጥቅሎች በሁለት ወይም በሦስት የማይክሮፎን ርቀት ስለሚቀዱ የቅርቡን ብቻ መጫን ይቻላል። ቅርቡንና ሩቁን ቀላቅለው መጠቀም የግድ ከሆነብዎ፣ ፕሮግራሙ በየረድፉ ጥልቀት ማስተካከል ከፈቀደ የቅርቡን ይክፈቱና የሩቁን ወደ ሩብ ያውርዱ። ይህ ለአጭር መውረድ ያምራል። ረጅም ኮርድ ሲይዙ ግን ሁለቱ ቅጂዎች ለብዙ ጊዜ ተለያይተው ስለሚቆዩ የውሸት መምታት ያመጣሉ፤ ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቅልቅል አጠቃላይ ጥልቀቱን ዝቅ አድርገው ይያዙ። ቁልፉ ሲለቀቅ የሚሰማው የማስተጋባት ጭራም እንዲሁ ነው። ቧንቧው በቆመበት ቅጽበት ከነበረው ፒች ጀምሮ ሳይነካ ማለቅ አለበት። ጭራው ከተለቀቀ በኋላ ሲወዛወዝ ከሰሙ ማስተካከያው ተሳስቷል።

በየትኛው ፕሮግራም የሚለው ቀላሉ ክፍል ነው። ሃውፕትቨርክ ያለው የአየር ሞዴል በምክንያትና ውጤት የሚሠራ ነው፤ የሚጫወቱት ኖታ የሚወስደውን አየር ያሰላል፣ የእያንዳንዱን ቧንቧ ፒች፣ ጉልበትና የሃርሞኒክ ይዘት ይለውጣል። ነገር ግን ሞዴሉ የሚመገበው የሳምፕል ጥቅሉን ያዘጋጀው ሰው ካስገባው መረጃ ነው፤ የወናፉ ስፋት፣ የቦዩ ርዝመት፣ የትኛው ረድፍ በየትኛው ሳጥን ላይ እንደተቀመጠ። አዘጋጁ ይህን ካላስገባ ማብሪያው ቢከፈትም የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ስለዚህ ከምንም በፊት የጥቅልዎን መግለጫ ያንብቡ። ግራንድኦርግ የተባለውን ሌላ ፕሮግራም የሚጠቀሙ አንባቢዎች ደግሞ ይህን ይወቁ፦ ትሬሙላንት (ድምፁን በእኩል ልክ የሚያንቀጠቅጥ መሣሪያ) አለው፣ ቧንቧዎቹ አንዱ ከሌላው አየር የሚቀማሙበት ሞዴል ግን የለውም፤ ትሬሙላንቱን በዝግታ አስኪዶ የአየር መዋዠቅ ለማስመሰል መሞከር እርስዎ በኤልኤፍኦ ከሠሩት አይለይም። ድምፁን ከመሠረቱ በስሌት የሚፈጥሩት፣ እንደ ኦርጋንቴክ ያሉት፣ ከተቀዳ ማስተጋባት ነፃ ስለሆኑ በዚህ በኩል ቀለል ይላቸዋል፤ ነገር ግን እርስዎ የሚወዱትን የአንድ የታወቀ ኦርጋን ድምፅ አይሰጡዎትም።

ፕሮግራም መጻፍ የሚችሉ ካሉ ስሌቱ አያስፈራም። ሳጥኑን እንደ አየር ማጠራቀሚያ ያስቡት፤ በቦዩ ከሚገባው ላይ ቧንቧዎቹ የሚወስዱትን ሲቀንሱ ግፊቱ ምን ያህል እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ ያገኛሉ። እያንዳንዱ ቧንቧ የሚወስደው ከግፊቱ ስኩዌር ሩት ጋር ይሄዳል። በቦዩ ውስጥ ያለው ፍሰት የሚፋጠነው በወናፉና በሳጥኑ የግፊት ልዩነት ነው፣ ከዚያ ላይ ከፍሰቱ ካሬ ጋር የሚያድገው ኪሳራ ይቀነሳል። በሚሊሰከንድ አንድ ጊዜ ማስላት ይበቃል፤ ውጤቱን አለስልሰው ወደ ድምፁ ያስገቡት። ለየማንዋሉ አንድ አንድ ሳጥን ይስጡ። በዚህ ላይ ዘፈቀደ የሚባል ነገር አይጨምሩ።

አሁን ማስተካከያው። በላይኛው ማንዋል ላይ አንድ የ8 ጫማ ፍሉት ይክፈቱ፣ መካከለኛውን ላ (A) ይያዙ። የዚያን ረድፍ ድምፅ ብቻውን ወደ ተለየ መውጫ ልከው በቱነር (በፒች መለኪያ) ይመልከቱት። ያንን ኖታ ሳይለቁ፣ ከዚያው ወናፍ የሚመገበውን የታችኛውን ማንዋል በሙሉ ስቶፕ፣ ከፔዳሉ ጋር፣ አንድ ትልቅ ኮርድ ይምቱና ይያዙ። እኔ የምመክረው መጠን ይህ ነው፦ ፍሉቱ በመጀመሪያው ቅጽበት ከ6 እስከ 8 ሴንት ይውረድ፣ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይመለስና ከመነሻው ከ2 እስከ 4 ሴንት ዝቅ ብሎ ይርጋ። ኮርዱ ሲለቀቅ ትንሽ ወደ ላይ ዘልሎ ወደ ቦታው ይግባ። ቀጥለው ኮርዶቹን በእኩል ልክ እየደጋገሙ ይምቱ፤ መጀመሪያ ዝግ ብለው፣ ከዚያ እየፈጠኑ። በአንድ የተወሰነ ፍጥነት ላይ መዋዠቁ እየተጠራቀመ የሚያድግ ከሆነ የወናፉ ንቅናቄ ቶሎ እንዲሞት ማርገቢያውን ያጠንክሩ። ይህ ችግር በእውነተኛ ኦርጋኖችም አለ፤ ሠሪዎች ከቦዩ ወይም ከሳጥኑ ላይ በስፕሪንግ የተደገፈች ትንሽ ወናፍ በመግጠም ያረጋጉታል። ይህን ሁሉ በጆሮ ማዳመጫ ሳይሆን በስፒከር ያዳምጡ፤ ማዳመጫ ትንሹን መዋዠቅ ያጎላዋልና ከሚገባው በታች እንዲያወርዱት ያደርግዎታል።

ትሬሙላንትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ እሱም አየሩን በቦዩ ውስጥ የሚያናውጥ መሣሪያ ስለሆነ ብዙ ስቶፕ ሲከፈት ይደክማል ወይም ፍጥነቱን ይለውጣል። ጥቅልዎ ትሬሙላንቱ እየሠራ የተቀዳ ቅጂ ካለው እሱን ይጠቀሙና በዚያ ረድፍ ላይ የአየር ሞዴሉን ያሳንሱ፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ድምፁ ይርገበገባል።

የማይቻለውንም ልንገርዎ። ሳምፕል እያንዳንዱን ቧንቧ ብቻውን፣ በምርጥ ግፊቱ፣ አብዛኛውን ጊዜም በኤሌክትሪክ ማራገቢያ እየተነፋ የቀዳ ነው። ቧንቧ አየር ሲያንሰው የሚለወጠው የተያዘው ድምፅ ብቻ አይደለም፤ አነሳሱም ይለወጣል፣ ለመናገር ይዘገያል፣ የመጀመሪያዋ «ትፍ» ትጠፋለች ወይም ትጎላለች። ያንን ያልተቀዳ ነገር የትኛውም የፒች ማስተካከያ አያመጣውም። ጎን ለጎን የቆሙ ቧንቧዎች በድምፅ ሞገዳቸው አንዱ ሌላውን ስቦ በአንድ ፒች የሚቆላለፉበት ነገርም አለ፤ የአየር ሞዴል አይነካውም። እንዲሁም ነገ ሌላ ጥቅል ሲጭኑ ይህን ማስተካከያ ይዘው እንዳይሄዱ። ፈረንሳዊው ኦርጋን ሠሪ አሪስቲድ ካቫዬ ኮል እ.ኤ.አ. በ1841 በፓሪስ አቅራቢያ በሰን ደኒ ባሲሊካ የሠራው ኦርጋን ለባሱና ለትሬብሉ የተለያየ ግፊት፣ ሰፋፊ ማጠራቀሚያዎችም ነበሩት። ለእሱ ዓይነት ኦርጋን የተዘጋጀን ጥቅል ማዋዠቅ የሠሪውን የዕድሜ ልክ ድካም ማፍረስ ነው፤ እዚያ መውረዱ ከአንድ ሁለት ሴንት ባይበልጥ ይሻላል።

ይህንኑ ኦርጋን ይዘው ምእመናንን በመዝሙር የሚመሩ ከሆነ ደግሞ ሞዴሉን በግማሽ ያውርዱት። ዘማሪ የሚይዘው ከላይ የሚሰማውን ዜማ ነው፤ በየስንኙ መጨረሻ ላይ ሙሉ ኮርድ ሲመጣ ዜማው ዝቅ ካለ ሕዝቡም አብሮ ዝቅ ይላል፣ ሲመለስ ግን አብሮ አይመለስም።

ለእርስዎ የማያሻማ ምክሬ ይህ ነው። ኤልኤፍኦውን ያስወግዱ፤ የጥቅልዎን መግለጫ ከፍተው የአየር መረጃና የቅርብ ቅጂ እንዳለው ያረጋግጡ። ሁለቱም ካሉት የሩቁን ቅጂ ሳይጭኑ ይተዉና ከላይ በሰጠሁት መጠን ሞዴሉን አስተካክለው ሪቨርቡን መጨረሻ ላይ ይጨምሩ። የአየር መረጃው ኖሮ ቅጂው ዌት ብቻ ከሆነ ከ2 ሴንት በላይ እንዲወርድ አይፍቀዱ፤ ጉልበቱንና ሃርሞኒኩን ግን ትንሽ ለቀቅ ማድረግ ይችላሉ፣ እነሱ ማስተጋባቱን እንደ ፒች አያጣምሙትም። የአየር መረጃው ጭራሹኑ ከሌለው ድምፁን እንዳለ ይተዉት። በትክክል የተቀዳ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ድምፅ በዘፈቀደ ከተወዛወዘው አሥር እጥፍ ይሻላል፤ ለቀጣዩ ጥቅል ገንዘብ ሲያወጡ ደግሞ ከስቶፖቹ ብዛት በፊት የአየር ሞዴሉና የቅርብ ማይክሮፎኑ መኖራቸውን ይጠይቁ።